ተራራውን አንከልክላቸው፣ ብቻቸውንም አንላካቸው
(ስለ ልጆቻችንና ስለ እንጦጦ የቀረበ አስተያየት)



ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብና ዐደይ አበባ የእንጦጦን ጎን ቢጫ ሲያለብሰው የሰፈራችን ልጆች እግር ቤት አይቀመጥም። ለእንቁጣጣሽ አበባ ሊለቅሙ፣ ለመስቀል ችቦ የሚሆን እንጨት ሊያመጡ፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላም ቅዳሜና እሑድ እንዲሁ ሊናፈሱ ሽቅብ ይወጣሉ። ይህ የልጅነት ወግ ነው፤ ደግም ነው። ነገር ግን በዚሁ ወቅት ደጋግመን የምንሰማው ሌላ ወሬም አለ። ይኸውም ክረምቱ በሞላው ጉድጓድ ወይም በወንዝ ልጅ ሰጠመ የሚለው ነው። የከተማችን እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽንም ወላጆች ልጆቻቸውን ከእንዲህ ያሉ ቦታዎች እንዲጠብቁ በተደጋጋሚ አሳስቧል። ማሳሰቢያው ይሰማል፣ ከንፈር ይመጠጣል፣ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ልጆቹ እንደገና ብቻቸውን ይወጣሉ።

በዚህ ጉዳይ በሰፈራችን ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል።

የመጀመሪያው «በሩን ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ፣ ተራራ ምን ይሠራለታል?» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ወላጆች ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አይነቀፉም። ሆኖም 10 ዓመት ያለፈውን ልጅ ከዓመት እስከ ዓመት ቆልፎ ማኖር አይቻልም። የተከለከለ ልጅ አይቀርም፤ ሳይናገር ይሄዳል። ሳይናገር የሄደ ልጅ ቢቸገር ደግሞ ማን ይፈልገዋል? የትስ ብሎ ይፈልገዋል? ስለዚህ ክልከላው አደጋውን ይደብቀዋል እንጂ አያስቀረውም። በዚያ ላይ መጫወቻ ሜዳው ከዓመት ዓመት በሕንፃ እየተያዘ፣ የልጆቹም ዓይን ከስልክ ላይ አልነሣ እያለ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ከደጃችን ያለውን ጫካና ንጹሕ አየር መንፈግ በደል ነው።

ሁለተኛው «ኧረ ተዉአቸው! እኛስ እንዲህ አይደል ያደግነው? ማን ጠብቆን ነው?» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ሲሰማ ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ «እኛ እንዲህ አድገናል» ለማለት የበቃነው ያደግነው ብቻ ነን። ውሃ የወሰዳቸው ልጆች ዛሬ ቆመው አይመሰክሩም። ሁለተኛ፣ የያኔው የከተማ ዳርቻና የዛሬው አንድ አይደለም። ከተማው በሰፋ ቁጥር ድንጋይና አፈር ይፈለጋል፤ ድንጋይና አፈር በተፈለገ ቁጥር ዳርቻው ይቆፈራል። ድንጋዩ ወጥቶ ሲያልቅ ቆፋሪው ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። ክረምት ሲመጣ ይሞላል።

እንግዲህ የኔ አስተያየት ከሁለቱም ወገን አይደለም። ልጆቹ ይውጡ፤ ነገር ግን ከአዋቂ ጋር፣ በታወቀ መንገድና በታወቀ ሰዓት ይውጡ ነው የምለው። ይህም የአንድ እናት ወይም የአንድ አባት ሸክም ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ሥራ መሆን አለበት። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ።

ልጆቻችንን ስለ እንጦጦ ስናስጠነቅቅ ቀድመን የምናነሣው ጅብን ነው። ጅብ በእርግጥ አለ፤ ሌሊት ሲጮህ የማይሰማ የለም። ሆኖም ጅብ በአብዛኛው የሌሊት አውሬ ነው። ሳይመሽ በቡድን ወጥቶ ሳይመሽ በቡድን የተመለሰ ሰው ከጅብ ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም። በጠራራ ፀሐይ፣ ጓደኞቹ እያዩት ልጅ የሚወስደው ውሃ ነው። ልጅ ጅብን ይፈራል፤ ውሃን ግን ይወዳል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የማስፈራሪያችንን ቅደም ተከተል እናስተካክል፤ አንደኛ ውሃ፣ ሁለተኛ ምሽትና ብርድ፣ ጅቡ ከነዚህ በኋላ ይምጣ።

ውሃ ያቆረ ካባ ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ ኩሬ ይመስላል። ነገር ግን እንደ ተፈጥሮ ኩሬ ከዳር ወደ መሐል ቀስ በቀስ የሚጠልቅ አይደለም። ድንጋይ የወጣበት ስለሆነ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ አንዱ እርምጃ እስከ ጉልበት፣ ቀጣዩ ከራስ በላይ ሊሆን ይችላል። ውሃው ስለሚደፈርስ ጥልቀቱ አይታይም። ዳሩ የራሰ ጭቃ ስለሆነ የገባው ልጅ ለመውጣት ሲጨብጠው እየተናደ ይመልሰዋል። የደጋ ውሃ በመሆኑም ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ የሚሰጥም ልጅ ብዙውን ጊዜ ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም፣ እጁንም አያወዛውዝም። አፉ ከውሃው በላይና በታች ሲል ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ አያገኝም። ጓደኞቹ እየተጫወተ ነው ሲሉ ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። «የኔ ልጅ እኮ ዋና ይችላል» የሚል ወላጅ ይህን ያስብበት።

ወደ ወንዞቹ እንምጣ። ቀበና፣ ግንፍሌና ቀጨኔ የሚነሡት ከዚሁ ከእንጦጦ ሰንሰለት ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ መንገዳቸውም አጭር ስለሆነ ላይ የዘነበው ታች ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። እኛ ጋ ፀሐይ እያለ ላይ ዘንቦ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ግንፍሌ የሚለው ስም ራሱ መገንፈልን ያስታውሰን የለ? በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ አስተምሮናል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። የኛ ወንዞች ከደቻቱ ቢያንሱም ጠባያቸው ያው ነው። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ስብርባሪ ማምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ፣ ዕቃ ሳይለቅሙ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

ብዙዎቻችን ዐደይ አበባ ከፈነዳ ዝናቡ ያበቃ ይመስለናል። አላበቃም። አባቶቻችን መፀው ብለው የሚቆጥሩት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወራት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ገና የክረምቱ ጭራ ነው። በእነዚህ ቀናት ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ደመና መቋጠሩ፣ ነጎድጓድና በረዶ መምጣቱ የተለመደ ነው። መሬቱም ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ጠጥቷል። የገደል አፋፍ ከታች በጎርፍ ተበልቶ ከላይ ሣር ለብሶ ይቆማል፤ ሲረግጡት ይናዳል። ቀዩ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው። ዝናቡ ቆሞ ሲደርቅ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ቁልቁለቱን ስለሚሸፍነው፣ በተለይ በመውረድ ላይ እግር ያንሸራትታል።

ከጥቅምት ወዲያ ዝናቡ ሲቀንስ ብርዱ ይተካል። የከተማው መሐል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሽቅብ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጫፉ ከመሐል ከተማው በ5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ነፋሱን ጨምሩበት፤ ዳገት ሲወጣ በላብ የራሰውን ሸሚዝም ጨምሩበት። ልጅ ከአዋቂ ፈጥኖ ይበርደዋል፣ ግን ጨዋታ ስለያዘው አይናገርም። የሚንቀጠቀጥ፣ ቃሉ የሚተሳሰርበት፣ ያለ ምክንያት የሚደናቀፍ ልጅ ካያችሁ «ሰነፍ» አትበሉት፤ በርዶታል። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ጣፋጭ ነገርና ትኩስ ሻይ ስጡት፣ ይዛችሁትም ውረዱ። ከቆላ አገር ወይም ከውጭ አገር ለበዓል የመጡ የዘመድ ልጆች ደግሞ ከፍታውን አልለመዱትምና ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዛቸው ይችላል። በመጡ ማግስት ወደ ጫፍ አታውጧቸው።

ስለ ምሽቱም አንድ ቃል። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ብዙ አይቆይም። በጥቅምትና በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጫካ ውስጥ የራስን እግር ማየት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ሁሉ የመመለሻ ሰዓቷን አጥብቄ የምይዘው።

እንግዲህ ከልጆች ጋር የሚወጣ ሰው እነዚህን ልብ ይበል።

1ኛ/ ለአምስት ልጆች ቢያንስ አንድ አዋቂ ይኑር፤ በማንኛውም ቡድን ግን አዋቂዎቹ ከሁለት አይነሱ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሂድ። ከፊት ያለውን የሚቀድም፣ ከኋላ ካለው የሚቀር ልጅ አይኑር። ፍጥነቱን የሚወስነው ትንሹ ልጅ ነው።

2ኛ/ ልጆቹ ሲነሡ፣ በየዕረፍቱና ሲመለሱ ይቆጠሩ። ቁጥሩን ሁሉም ልጅ ይወቀው። «ስንት ነን?» ሲባል የሚመልሱት እነሱ ይሁኑ፤ ይህ ጨዋታም ይሆናቸዋል።

3ኛ/ ጉዞው በጠዋት ይጀመር። 8 ሰዓት ሲሆን የትም ቢደረስ ፊት ወደ ቤት ይዙር። «ጫፉ እኮ ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረን» የሚለውን ልመና አትስሙ። ጫፉ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ይገኛል።

4ኛ/ ውሃ ባቆረ ካባ አጠገብ አይታረፍ፣ አይበላ፣ ፎቶግራፍም አይነሣ። ወንዝ መሻገር ግድ ከሆነ ከትንሹ ልጅ ቁርጭምጭሚት በላይ የሆነ ውሃ አይገባበትም። የደፈረሰ ውሃ ግን ቢጎድልም አይሻገሩት፤ ሥሩ አይታይም።

5ኛ/ ሸበጥና የላስቲክ ጫማ ለቁልቁለት አይሆንም፤ የሚያዝ ጫማ ያድርጉ። እያንዳንዱ ልጅ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ ወይም ቢያንስ ትልቅ ፌስታል፣ ውሃ፣ ቆሎና ዳቦ ይያዝ። ደመቅ ያለ ቀለም ያለው ልብስ ከዛፉ መካከል ለመለየት ይረዳል።

6ኛ/ ልጅ ሁሉ ቢጠፋ የሚያደርገውን አስቀድሞ ይወቅ። እሱም «ቁም፣ ዛፍ ተጠጋ፣ ከዚያ አትንቀሳቀስ» ነው። መንገድ ሲፈልግ የሚዞር ልጅ ይርቃል፤ ባለበት የቆመ ይገኛል። አንድ አንድ ፊሽካ አንገታቸው ላይ ብናንጠለጥል ዋጋው ትንሽ ነው፣ ድምፁም ከጩኸት ይልቅ ይርቃል።

7ኛ/ ነጎድጓድ ሲሰማ ከጫፉና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር ይራቁ። ዝቅ ወዳለ ቦታ ይውረዱ፤ ወደ ወንዝ ሸለቆ ግን አይግቡ።

8ኛ/ የማያውቁትን ፍሬ አይቅመሱ። እንጆሪ፣ ቀጋና አጋም ልጆች ይወዷቸዋል፤ ለይቶ የሚያውቅ አዋቂ ሳያያቸው ግን አይበሉ። እምቧይ መርዝ ነው። በየቆሻሻው መድፊያ የሚበቅለው ዕፀ ፋርስ ደግሞ አእምሮ ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋልና አይነካ። አበባው በፈካበት በዚህ ወራት ንብ ብዙ ስለሆነ ቀፎ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ይገሠጽ።

9ኛ/ የማያውቁት ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ልጅ ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። «ትንሽ ነው፣ ይድናል» አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

ይህን ሁሉ አድርገን ልጅ ውሃ ቢገባስ? ይህን እያንዳንዱ አዋቂ ይያዘው። ተከትላችሁ አትዝለሉ። ሊያድን የገባው ሰው አብሮ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በደረታችሁ ተኝታችሁ ረጅም እንጨት፣ ገመድ፣ ጋቢ ወይም ነጠላ ዘርጉለት። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ሰው ያንሳፍፋልና በገመድ አስራችሁ ወርውሩለት። ስለዚህ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካንና ጥቂት ሜትር ገመድ ከቡድኑ ዕቃ አይጥፋ፤ ሲሄዱ ውሃ መያዣ፣ ሲቸግር ማዳኛ ይሆናል። ልጁ ከወጣ በኋላ በእግሩ ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉት፣ ሆዱንም አትጭመቁ፤ ይህ የቆየ ልማድ ጊዜ ያባክናል፣ ይጎዳልም። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ትንፋሽ ስጡት፣ ደረቱንም መሐል ለመሐል እየተጫናችሁ እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው ይደውል፤ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ስልክ አለን ብሎ መዘናጋት ግን አይገባም። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ፣ ባትሪም ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና እኅቶች መንገዱን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። የትኛው መንገድ እንደተናደ፣ የትኛው ጅረት እንደሞላ እነሱን ጠይቁ። በጠባብ መንገድ ላይ ስትገናኙም ልጆቹን ወደ ውስጠኛው ጎን፣ ከገደሉ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና አሳልፏቸው። ያን ሸክም ይዞ ቁልቁል የሚመጣ ሰው እንደልቡ ሊቆም አይችልም። ለልጆቻችንም ሰው ማክበርን የምናስተምርበት አጋጣሚ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ጊዜ ከየት ይምጣ? ቅዳሜም እንሠራለን» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ጉዳዩን የሰፈሩ ሥራ እናድርገው ያልኩትም ስለዚህ ነው። ለቅሶ ስንደርስ ተራ ገብተን እንሠራለን፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ የሚያድረው ሁሉ ይታወቃል። ለቅሶው እንዳይመጣ ተራ መግባት ለምን ያቅተናል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ቅዳሜዎች 12 ወይም 13 ናቸው። በየቅዳሜው ሁለት አዋቂ ቢወጣ ለወቅቱ የሚያስፈልጉን 26 ሰዎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ቀን ቢሰጡ ዐሥር ልጆች በየሳምንቱ በሰላም ይወጣሉ፣ በሰላም ይመለሳሉ። በእግር ለመውጣት የማይችሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶችም ሥራ አላቸው፤ ስም ይመዝግቡ፣ ሲመለሱ ይቁጠሩ።

በዚህ መሠረት ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ነገሮችን እንዲወስን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተራ ዝርዝር ወጥቶ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ በጥበቃው ቤት አንድ መዝገብ ይቀመጥ። የሚወጡት ልጆች ስም፣ የሚሄዱበት መንገድና የሚመለሱበት ሰዓት ይጻፍበት፤ 11 ሰዓት ሆኖ ያልተመለሰ ቡድን ካለ ጨለማ ሳይቀድመን ፍለጋ ይጀመር። ሦስተኛ፣ በአካባቢያችን ውሃ ያቆሩ ካባዎችና ጉድጓዶች የት የት እንዳሉ ወጣቶቻችን ዞረው ይመዝግቡ። ዝርዝሩ ለወረዳው በጽሑፍ ቀርቦ እንዲደፈኑ ወይም እንዲታጠሩ ይጠየቅ። ምላሽ እስኪመጣ ደግሞ እኛው እሾህ ቆርጠን ዙሪያቸውን እንጠር፤ ለዚህ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ነው ይህን ሁሉ መጻፌ። ውሳኔው ከመስከረም በፊት ከተወሰደ ይጠቅማል፤ አንድ ቤት ለቅሶ ከተቀመጠ በኋላ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ግን ለማንም አይሆንም። ዐደይ አበባው በየዓመቱ ይመጣል። ልጆቻችን ወጥተው ይዩት፣ ይልቀሙት፣ ወደየቤታቸውም ይዘውት ይግቡ።

ይታሰብበት።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ